ከጉለሌ ወደ ቀላይ፦ የሰመጠ መርከብን በደኅና ጠልቆ ስለ መጎብኘት

በጉለሌ ተወልዶ ላደገ ሰው ባሕር የሚታወቀው በአብዛኛው በስሙ ነው፤ ይኸውም ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ እስከ እንጦጦ ራስጌ ድረስ ጋራውን ሸፍኖ በሚታየው በባሕር ዛፍ ስም ነው፤ ዛፉም ይህን ስያሜ ያገኘው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ነው። ከዚህ በቀር ባሕርን የምናውቀው ከመጻሕፍት ነው፤ ነቢዩ ዮናስ በዓሣ አንበሪ ሆድ ሦስት መዓልትና ሦስት ሌሊት ማደሩን በጾመ ነነዌ እንሰማለን፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ከ276 ነፍስ መካከል አንዱ ሆኖ የተሳፈረበት መርከብ በመላጥያ ደሴት አጠገብ ተሰብሮ፣ ከፊሉ በዋና፣ ከፊሉም በሳንቃ ላይ ተንሳፍፎ ወደ ምድር መውጣቱን በግብረ ሐዋርያት እናነባለን። ዛሬ ግን የጉለሌ ሰው በባቡርም ሆነ በአውሮፕላን በአንድ ቀን ጅቡቲ ደርሶ፣ አየር የተሞላ ብረት በጀርባው ተሸክሞ፣ የሰመጠ መርከብ ካለበት ጥልቀት ሊወርድ የሚችልበት ዘመን ስለ ደረሰ፣ ይህን ለማድረግ ልቡ ለተነሣሣ ሰው መንገዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል ማመልከት ተገቢ ሆኖ አገኘሁት።

ከሁሉ አስቀድሜ የምለው ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ሲገቡ መውጫውን፣ ሲወርዱ መውጣቱን፣ ከቤት ሲነሡም ወደ ቤት መመለሱን አስቀድመው ይለኩ። በባሕር ጠረፍ የሚኖር ጠላቂ ከውኃው ወለል ብቅ ሲል ጉዞው ተፈጽሟል፤ የጉለሌ ጠላቂ ግን ከባሕር ከወጣ በኋላ ገና ከ2,500 ሜትር በላይ ሽቅብ ይቀረዋል፤ ሥጋውም ይህን ሁሉ መንገድ ከቀላይ እንደሚወጣ ሆኖ ይቆጥረዋል። ወደ ምክንያቱ በስፍራው እመለሳለሁ።

ባሕሩስ ቢሆን ለታሪካችን ባዕድ አይደለም። በአዱሊስ ወደብ የአክሱም ነገሥታት ንግድ ይካሄድ እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ በ1980ዎቹ መጨረሻም ጥቁር አሳርካ በምትባል የኤርትራ ደሴት አጠገብ በአክሱም ዘመን የሰመጠ የንግድ መርከብ ቅሪት በጠላቂ አርኬዎሎጂስቶች ተቆፍሮ፣ ማሰሮዎቹ ከነስብርባሪያቸው ተመርምረዋል። ከዚያ ወዲህ ካሉት ሁሉ ግን ልቤን የሚነካው ኡምብሪያ የተባለው የኢጣልያ መርከብ ነው። ይህ መርከብ በሆዱ 360,000 ያህል የአውሮፕላን ቦምብ ጭኖ፣ አርበኞቻችን በዱር በገደሉ በሚዋደቁበት በዘመነ ወረራ፣ ወደ ምጽዋና ወደ አሰብ በመጓዝ ላይ ሳለ እንግሊዞች ለፍተሻ በፖርት ሱዳን አጠገብ አስቆሙት፤ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ኢጣልያ ወደ ጦርነቱ መግባቷ በራዲዮ በተነገረ ጊዜም አዛዡ ሎሬንዞ ሙየሳን ጭነቱ በእንግሊዞች እጅ እንዳይወድቅ ብሎ በገዛ ትእዛዙ አሰመጠው። እነዚያ ከሰማይ በአገራችን ላይ ሊዘንቡ ይችሉ የነበሩ ቦምቦች እነሆ እስከ ዛሬ በዊንጌት ሪፍ ሥር፣ ከላያቸው ኮራል በቅሎባቸው ተደርድረው ይገኛሉ። ምጽዋም መጋቢት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ስትያዝ፣ ኢጣልያኖች ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት በወደቡ የነበሩትን መርከቦችና ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛዎች ሆን ብለው አስምጠዋቸው ነበር፤ በዳህላክ ደሴቶች መካከልም ናዛሪዮ ሳውሮን የመሰሉ የጭነት መርከቦች በዚያው ሰሞን ወደ ታች ወርደዋል። ይህን ሁሉ የማነሣው አንባቢው የሚጎበኘው ዝገት የበላውን ብረት ብቻ አለመሆኑን እንዲያውቅ ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ ከባሕር በእጅጉ ይርቃል፤ በሐኪም ፊት ይጀመራልና። የጠላቂነት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ስለ ጤና የሚጠይቅ ቅጽ ያስሞላሉ፤ በዚህ ቅጽ ላይ የልብ ሕመም፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የጆሮ ቀዶ ሕክምና፣ እርግዝና አለመኖሩን በእውነት መመለስ የገዛ ነፍስን መጠበቅ ነው። ለእኛ አገር ሰው በተለይ የማሳስበው የሳንባ ነቀርሳን ነገር ነው፤ በሽታው በመድኃኒት ቢድንም በሳንባ ላይ ጠባሳ ወይም አየር የሚያቁር ጉድጓድ ትቶ ሊያልፍ ይችላል፤ እንዲህ ባለ ጉድጓድ ታምቆ የቀረ አየርም ጠላቂው ሽቅብ ሲወጣ እየሰፋ ሳንባውን ሊቀድ ይችላል። ስለዚህ በሕይወትዎ አንድ ጊዜ እንኳ ለዚህ በሽታ መድኃኒት ወስደው ከሆነ፣ ደረትዎን በራጅ ሳይታዩና የሳንባ ሐኪም ሳይፈቅድልዎ ወደ ውኃ አይግቡ፤ ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ በእንጦጦ ግርጌ ያለውና ከነቀርሳ ሕክምና ጋር ስሙ የኖረው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ለጉለሌ ሰው ከደጁ ነው።

ሁለተኛው ዋና ነው። በከተማችን ዋና የማይችል ሰው ብዙ ስለ ሆነ በዚህ ማፈር አይገባም፤ ነገር ግን መሣሪያው ያንሳፍፈኛል ብሎ ዋናውን መዝለል ፈጽሞ አይቻልም። የታወቁት የማሠልጠኛ ድርጅቶች፣ ለምሳሌ ፓዲ፣ ተማሪው ሳያርፍ 200 ሜትር እንዲዋኝና ምንም ሳይይዝ 10 ደቂቃ በውኃ ላይ እንዲንሳፈፍ ይጠይቃሉ፤ እኔ ግን ይህን ልክ እጥፍ አድርገው፣ ሳይደክምዎ 400 ሜትር እስኪዋኙ ድረስ ለባሕር የሚሆን ገንዘብ እንዳያወጡ እመክራለሁ። ከከተማችን ሆቴሎች በአንዱ መዋኛ ለሦስትና ለአራት ወራት በሳምንት ሁለት ቀን መመላለስ ይበቃል። በዚህ በከፍታችን የተለማመደ ደረት ወደ ባሕር ጠረፍ ሲወርድ ትንፋሹ እንደሚቀለው እግረ መንገዴን ልጨምር።

በመሣሪያ መተንፈስ ሲጀምሩ ከትእዛዛት ሁሉ በላይ የሆነ አንድ ትእዛዝ አለ፤ ይኸውም እስትንፋስን ከቶ አለመያዝ ነው። አየር ግፊት ሲጨምርበት ይጠባል፣ ግፊቱ ሲቀነስለት ይሰፋል፤ በውኃ ውስጥ በየ10 ሜትሩ በባሕር ወለል ያለውን ያህል ግፊት ይጨመራልና፣ በ30 ሜትር ጥልቀት ያለ ሰው በወለሉ ካለው አራት እጥፍ ግፊት ይሸከማል። በዚያ ጥልቀት የሳቡትን አየር አፍነው ቢወጡ ሳንባዎ ሊችለው አይችልም፤ ይህ አደጋ ሁለት ሜትር በማይሞላ የመዋኛ ገንዳ ውስጥ እንኳ የደረሰበት ሰው ስላለ፣ ጥልቀቱ ትንሽ ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም። በጀርባ የሚለበሰው ሰደርያ አየር ሲነፉበት ያነሣል፣ ሲያስተነፍሱት ያወርዳል፤ ጥበቡ ግን ሳይወጡም ሳይወርዱም በውኃው መካከል ጸንቶ መቆየት ነው። በ1934 ዓ.ም. አሜሪካዊው የባሕር ኃይል መኰንን ኤድዋርድ ኤልስበርግ በምጽዋ የሰመጠውን ትልቁን ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛ ያነሣው በሆዱ የታመቀ አየር እያስነፋ ውኃውን በማስወጣት ነበር፤ በሰደርያዎ የሚሠራው ሕግ ያው ነው። ይህን ሚዛን ያላገኘ ሰው በሰመጠ መርከብ አጠገብ ሲደርስ ወይ ከዝገቱ ጋር ይላተማል፣ ወይ በእግሩ ደለሉን አነሣሥቶ የራሱንና የባልንጀሮቹን ዓይን ያጨልማል፤ ስለዚህ ከገንዳው ሳይወጡ በፊት እጅዎን አጣምረው፣ አንዲት ክንድ ከወለሉ ከፍ ብለው፣ በእስትንፋስዎ ብቻ ሳይነቃነቁ አምስት ደቂቃ መቆየትን ይልመዱ።

የባሕሩ ትምህርት ደረጃ አለው፤ ደረጃውንም የሚዘል ሰው ያልከፈለውን ዕዳ ተሸክሞ ይወርዳል። የመጀመሪያው የምስክር ወረቀት እስከ 18 ሜትር፣ ሁለተኛው እስከ 30 ሜትር ያወርዳል፤ ለጉብኝት ብቻ የሚጠልቅ ሰው የመጨረሻ ወሰንም 40 ሜትር ነው። የሰመጠ መርከብን የሚመለከተው ትምህርት ከእነዚህ በኋላ ለብቻው ይሰጣል። ለጉለሌ ሰው የቅርቡ የትምህርት ስፍራ ጅቡቲ ነው፤ በዚያ በሙሻ ደሴት አካባቢ ጠላቂዎች የሚጎበኟቸው የሰመጡ መርከቦች አሉ፤ ከእነርሱም አንዱ መርከብ ጎታች ጀልባ በሐረር በኖረው በፈረንሳዊው ባለቅኔ በአርተር ራምቦ ስም የተጠራ ነው። ወራቱ ከኅዳር እስከ መጋቢት ቢሆን ይሻላል፤ በክረምት የጅቡቲ ሙቀት ለመሣሪያ ተሸካሚ ቀርቶ ባዶ እጁን ለሚሄድም ሰው ከባድ ነው። ኡምብሪያን ለማየት የሚመኝ አንባቢ የሱዳን ጦርነት አብቅቶ ሰላም እስኪሆን ይታገሥ። በግብፅ ሻዕብ ዓሊ በተባለው ስፍራ መስከረም 26 ቀን 1934 ዓ.ም. በጀርመን አውሮፕላኖች የሰመጠው ቲስልጎርም የተባለው የእንግሊዝ መርከብ ከነሞተር ብስክሌቶቹና ከነካሚዮኖቹ በ30 ሜትር ገደማ ጥልቀት ይታያል፤ ወደ ካይሮ የሚበር አውሮፕላን ስላለን ይህም ከአቅም በላይ አይደለም።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት አስጠላቂውን ድርጅት ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ በጀልባው ላይ ንጹሕ ኦክስጅን ከነመተንፈሻው አለ ወይ? የግፊት ሕክምና ክፍል ያለው ቅርብ ሆስፒታል የት ነው፣ በስንት ሰዓትስ ይደረሳል? አንድ መምህር ስንት ሰው ይዞ ይወርዳል? ጥያቄውን በደስታ የማይመልስ ሰው ቢገጥምዎ ምንም ያህል ዋጋው ቢረክስ ትተውት ይሂዱ።

ስለ ጾምም አንድ ቃል መናገር ይገባኛል፤ ምክንያቱም የእኛ ሰው እህልና ውኃ ሳይቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየትን ስለ ለመደ፣ ይህ ከባሕሩ ሥራ ጋር እንደሚጋጭ ላያስተውል ይችላል። ውኃ የጎደለው ደም ከጥልቀት ሲወጣ ለሚመጣውና ኋላ ለምገልጸው ሕመም ይበልጥ የተጋለጠ ነው ተብሎ ይታመናል። በዐቢይ ጾምም ሆነ በነነዌ፣ ሙስሊም ወገኖቻችንም በረመዳን፣ ጉሮሮአቸው ደርቆ ሊጠልቁ አይገባም፤ ጉዞውን በፍስክ ወራት ማድረግ የተሻለ ሲሆን፣ የማይቻል ከሆነ ከንስሐ አባትዎ ጋር አስቀድመው ይመካከሩ። መጠጥ ጠጥቶ ወይም ጫት ቅሞ ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ ያሳለፈም ሰው በዚያ ቀን ከውኃው ይከልከል።

በጉለሌ ብርድ የሚይዝ ጉንፋን ደግሞ ሌላው ጠላት ነው። በሚወርዱበት ጊዜ ጆሮ በግፊቱ እንዳይታመም፣ አፍንጫን በጣት ይዞ በቀስታ እፍ በማለት በየሜትሩ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ አፍንጫ በጉንፋን ከተደፈነ ግን ይህ አይሆንም። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ጉዞዬ የከፈልሁት ገንዘብ አሳዝኖኝ፣ ጉንፋኑ ሳይለቀኝ ወርጄ፣ አራት ሜትር ሳልደርስ ጆሮዬ በጦር እንደ ተወጋ ሆኖ ተመለስሁ፤ ከዚያም በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ በግራ በኩል የሚነገረኝን አልሰማም ነበር። ያን ቀን ባሕሩን በጀልባው ላይ ሆኜ ብመለከተው ኖሮ፣ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን በጤና በወረድሁ ነበር።

አሁን ወደ መርከቡ እንቅረብ። የመጀመሪያዎቹ ጉብኝቶች፣ ቢያንስ አምስት ስድስቱ፣ ከውጭ ብቻ መሆን አለባቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ እንደሚዞር ምእመን መርከቡን ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ በቀስታ ይዙሩት። ሲወርዱም ሲወጡም የመልሕቁን ወይም በመርከቡ ላይ የታሰረውን ገመድ ይከተሉ፤ የባሕሩ ፍሰት ወደ ጎን የሚወስድ ከሆነ ፍሰቱን በፊትዎ ተቀብለው ይጀምሩ፣ ሲመለሱ ኃይልዎ በደከመበት ጊዜ እርሱ እንዲገፋዎ። የዛገ ብረት ይቆርጣልና አይደገፉበት፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ከአገር ሳይወጡ ይውሰዱ። ድንጋይ መስሎ የሚተኛ መርዛም ዓሣ በእነዚህ ስፍራዎች ስለሚኖር እጅዎን በማያዩት ስንጥቅ አያስገቡ። በመርከቡ ላይ የተጠመጠመ የዓሣ መረብና የመንጠቆ ክር ጠላቂን ይይዛል፤ ቢይዝዎ ወደ ፊት አይታገሉ፣ ቆመው፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሰው፣ በወገብዎ በያዙት መቀስ ይቁረጡት፤ ካልደረሱበትም ባልንጀራዎ ይቁረጠው። ቦምብና ጥይት ካለበት መርከብ ምንም አይንኩ፤ ሰማንያ ዓመት በውኃ ውስጥ መቆየቱ አክስሞታል ማለት አይደለም። ሳህንም ሆነ ጠርሙስ፣ ማሰሮም ሆነ የደወል ስብርባሪ ከስፍራው አያንሡ፤ እንደ ጥቁር አሳርካው ያለ ቅሪት ለሊቃውንቱ ምስክርነት የሚሰጠው ዕቃው ሁሉ በወደቀበት ሲገኝ ነው፤ የሰው አጽም ያለበትም መርከብ መቃብር ነው።

ወደ ውስጥ መግባት ከዚህ ሁሉ የተለየ ሥራ ነው፤ ይህንንም ያለ መምህር ከመጽሐፍ ወይም ከዚህ ጽሑፍ ብቻ ተምሮ የሚሞክር ሰው እንዳይኖር አጥብቄ እለምናለሁ። በውጭ ያለ ጠላቂ ቢቸግረው ከራሱ በላይ ሰማይ አለ፤ በውስጥ ያለው ግን ከራሱ በላይ ያለው ብረት ነው፤ ሽቅብ ሊወጣ አይችልም፣ የገባበትን በር መፈለግ አለበት። በሩን የሚሰውረውም ብዙ ጊዜ ጨለማው አይደለም፤ ለዓመታት በወለሉና በጣሪያው የተቀመጠው ደለልና ዝገት ነው፤ አንድ ጊዜ በእግር ቢመታ፣ ወይም የተነፈሱት አየር ከጣሪያው ዝገቱን ቢያራግፈው፣ በአንድ አፍታ የያዙት ባትሪ እንኳ እስከማይታይ ድረስ ውኃው ይደፈርሳል። ስለዚህ በውስጥ እግር እንደ እንቁራሪት ወደ ጎን ይቀዝፋል እንጂ ወደ ላይና ወደ ታች አይመታም።

በዚያ ድፍርስ ውስጥ ወደ በሩ የሚመልሰው አንድ ነገር ክር ነው። የክሩን ነገር ያስተዋልሁት በሽሮ ሜዳ ጎረቤቴ ከሆኑ አንድ አረጋዊ ሸማኔ ዘንድ ነው፤ ማጉን በቀሰም ጠቅልለው በመወርወሪያው ሲልኩት፣ ክሩ እንዳይላላም እንዳይበጠስም ጣታቸው ሳያዩት ይለካው ነበር። ጠላቂውም ጠንካራ ክር በተጠመጠመበት መጠቅለያ እንዲሁ ይሠራል፤ የመጀመሪያውን ቋጠሮ ከበሩ ውጭ፣ ሰማይ በሚታይበት ስፍራ ያስራል፤ ሁለተኛውን ከበሩ ጥቂት ገባ ብሎ ይደግማል፤ ከዚያም በየመታጠፊያው እያዞረ፣ ክሩን ወጥሮ፣ በግድግዳው ጥግ ያስኬደዋል። ሲመለስ መጠቅለያውን የያዘው ሰው የመጨረሻ ሆኖ እየሰበሰበ ይወጣል። ውኃው ከደፈረሰ ግን መሰብሰቡን ትቶ፣ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን በክሩ ዙሪያ እንደ ቀለበት አድርጎ፣ ባልንጀራውም ክንዱን ይዞት፣ ክሩን ሳይጎትቱ ወደ በሩ ይከተሉታል።

ይህን ልምምድ በጉለሌ ማድረግ ይቻላል፤ ብዙ ዋጋም አለው። በግቢዎ ወይም በባሕር ዛፎች መካከል ሠላሳ ሜትር ያህል ክር ዘርግተው፣ በየግንዱ አዙረው፣ ዓይንዎን በነጠላ ጥብቅ አድርገው አስረው፣ አንድ ሰው እያየዎት ክሩን በጣትዎ ብቻ ተከትለው ይመለሱ። በመጀመሪያው ቀን ከየግንዱ ጋር ይጋጫሉ፤ በአሥረኛው ቀን እጅዎ ከዓይንዎ ይልቅ መንገዱን ያውቀዋል። ከባልንጀራዎ ጋር እጅ ለእጅ በመነካካት ብቻ «ቁም»፣ «ወደ ፊት»፣ «ወደ ኋላ» መባባልንም በዚሁ ይልመዱ።

አየሩ በሦስት ይከፈላል፤ አንዱ እጅ ለመግቢያ፣ አንዱ እጅ ለመውጫ፣ አንዱ እጅ ላልታሰበ ነገር። በጀርባ ያለው የአየር ሲሊንደር 200 ባር ግፊት ይዞ ቢጀምር፣ 60 ባር ሲያልቅ፣ ማለት መለኪያው 140 ሲያሳይ፣ ያዩት ነገር ምንም ያህል ቢያምር ፊትዎን ያዞራሉ። ከሁለቱ ባልንጀሮች የአንዱ ቀድሞ ከደረሰ ሁለቱም ይመለሳሉ። ይህ ልክ ለምን እንደሚያስፈልግ በቁጥር ላሳይ፤ 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር 2,400 ሊትር አየር አለው፤ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው በባሕር ወለል ሁለት ሰዓት ይቆይበታል፤ በ30 ሜትር ግን ያው ሰው በደቂቃ 80 ሊትር ስለሚጨርስ 30 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከደነገጠና ትንፋሹ ከፈጠነ የዚያ ግማሽም ላይሆን ይችላል። በ30 ሜትር ደግሞ ናይትሮጅን አእምሮን እንደ ስካር ያደነዝዛል፤ የተደነገገ ልክ የሚያስፈልገውም ጠላቂው በዚያ ስፍራ ሆኖ በራሱ ፍርድ ሊታመን ስለማይችል ነው። እያንዳንዱ ሰው ሦስት ባትሪ ይያዝ። ለጀማሪ የተፈቀደውም ከውኃው ወለል እስከ ደረሰበት ያለው መንገድ፣ ቁልቁለቱና ወደ ውስጥ የገባው ተደምሮ፣ ከ40 ሜትር እንዳያልፍ ነው፤ በሩ በ25 ሜትር ከሆነ ከ15 ሜትር በላይ አይገባም፤ የቀኑ ብርሃን ከሚታይበትም አይርቅም።

ስለ መውጣት። ናይትሮጅን የተባለው የአየር ክፍል በጥልቀት ሳለን በግፊት ኃይል በደማችንና በሥጋችን ይሟሟል፤ ቀስ ብለን ስንወጣ በሳንባ በኩል ይለቀናል፤ ፈጥነን ከወጣን ግን የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ክዳኑ በድንገት ሲከፈት እንደሚሆነው በሰውነታችን ውስጥ አረፋ ይሠራል። ስለዚህ በደቂቃ ከ9 ሜትር አይፍጠኑ፤ በ5 ሜትር ላይ ገመዱን ይዘው ሦስት ደቂቃ ይቁሙ፤ በ30 ሜትርም ከ20 ደቂቃ በላይ ላለመቆየት በእጅዎ የታሰረውን የጠላቂ ኮምፒውተር ይመኑት።

እነሆ አሁን በመግቢያዬ ወዳቆየሁት ነገር ደረስሁ። በጉለሌ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አውሮፕላን ከ10,000 ሜትር በላይ ቢበርም፣ በውስጡ ያለው አየር በ2,400 ሜትር ገደማ ካለው አየር እንዳይሳሳ ተደርጎ ይጠበቃል፤ ጉለሌ ግን ከዚህም ከፍ ያለ ነው፤ የእንጦጦ ጫፍማ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ አስተውሉ፤ ለሌላው ዓለም ጠላቂ አስጊ የሆነው አውሮፕላኑ ሲሆን፣ ለእኛ ግን አልጋችን ከአውሮፕላኑ በላይ ነው! የጠላቂዎችን ደኅንነት የሚያጠናው ዳን የተባለው ድርጅት አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም ለብዙ ቀን የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት፣ በመውጫው ላይ የግዴታ ማረፊያ ያስፈለገው ደግሞ ከዚያ እጅግ የበለጠ እንዲቆይ ይመክራል። ይህ ምክር የታሰበው ጥቂት ሰዓት በርሮ ለሚወርድ መንገደኛ ነው፤ የጉለሌ ሰው ግን ከአውሮፕላኑ ወርዶ የበለጠ ከፍታ ላይ ይተኛል። ስለዚህ እኔ ያደረግሁትና የምመክረው ከመጨረሻው ጥልቀት በኋላ 48 ሰዓት፣ ማለት ሁለት ሙሉ ቀን፣ በጠረፍ መቆየት ነው፤ የሆቴሉን ዋጋ ከመነሻው በጉዞው ሒሳብ ውስጥ ያስገቡት፣ በኋላ ገንዘብ አጥሮዎ እንዳይቸኩሉ። በባቡር ብሄድ ቀስ ብዬ ስለምወጣ ግድ የለም የሚል ሰው ይሳሳታል፤ ከናጋድ ወደ ፉሪ ለቡ የሚወጣው ሐዲድም ያንኑ ከፍታ በአንድ ቀን ይወጣል። በድሬዳዋ ማደርም በጠረፍ ማደር አይደለም፤ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ያህል ናትና፣ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከ600 ሜትር ጀምሮ ነው። ሁለቱን ቀን በጅቡቲ ከተማ፣ በጥላ ሥር፣ ውኃ እየጠጡ ያሳልፉ፤ ከታደሉም በወራቱ ወደ አርታ ጠረፍ የሚመጣውን ግዙፉን ነጠብጣብ ዓሣ ነባሪ መሰል ሻርክ ከጀልባ ላይ ሆነው ይመልከቱ።

ቤትዎ ገብተው በመጀመሪያው ቀንና ሌሊት በመገጣጠሚያ ላይ ሕመም፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ ማዞር፣ የቆዳ ማሳከክና መዥጎርጎር፣ ከልክ ያለፈ ድካም ቢሰማዎ፣ የመንገድ ድካም ነው ብለው አይተኙበት። ለቤተሰብዎ ከጉዞው በፊት ይህን አስረድተው፣ የጠለቁበትን ቀን፣ ሰዓትና ጥልቀት በወረቀት ጽፈው ያኑሩላቸው፤ ራስዎ መናገር ቢያቅትዎ ወረቀቱ ይናገራል። በቶሎ ኦክስጅን ወዳለበት፣ ለጉለሌ ሰው ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ ይሂዱ፤ «ባሕር ጠልቄ ከቆላ መጣሁ» ብለው ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ይህን ካልነገሩት ሊያስበው አይችልም። ንጹሕ ኦክስጅን ይስጡዎ፤ የዳን የአደጋ ስልክ አስቀድሞ በኪስዎ ይኑር፤ ሐኪሙ ከእነርሱ ጋር ይነጋገር።

በዚህ ጊዜ አንዳንድ እናት በፍቅርና በእምነት «ልጄን ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ውሰዱልኝ» ልትል ትችላለች። እምነቷን አከብራለሁ፤ እኔም በዚያ ጠበል ተጠምቄ አድጌአለሁ። ነገር ግን ይህ ሕመም ከፍታ በጨመረ ቁጥር አረፋው የሚሰፋበት ነው፤ ወደ ተራራው ሽቅብ መውሰድ በሽተኛውን ይጎዳዋል። ጠበሉን ከታች ወዳለው ሆስፒታል በዕቃ ያምጡለት፤ ሲድን ደግሞ ራሱ በእግሩ ወጥቶ ይጠመቃል።

ጤና ከሆኑ የቀረው ሥራ ዕቃውን ማጠብ ነው። የባሕር ጨው መተንፈሻውን ሬጉሌተር፣ የሰደርያውን ቁልፎችና የመቀሱን ምላስ ይበላልና፣ ሁሉንም በጣፋጭ ውኃ አርሰው ቢያንስ አንድ ሰዓት ማቆየት ያስፈልጋል፤ በሰፈራችን ውኃ በተራ ስለሚመጣ ከመሄድዎ በፊት አንድ በርሜል አስሞልተው ይሂዱ። ክሩንም ከመጠቅለያው ፈትተው በግቢው ገመድ ላይ በጥላ ያስጡት፤ ሲደርቅ በጣትዎ መካከል እያሳለፉ ዝገት ያሳሳው ወይም የተላላጠ ስፍራ እንዳለ ክንድ በክንድ ይዳስሱት፤ የተጠራጠሩበትን ቆርጠው ይጣሉት።